ድንኳኑን ትከል ወይም አቃጥል፦ ለጋሼ የተጻፈ ምላሽ

ጋሼ ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ጽፈዋል። ስማቸውን አልጠራም፤ የሰፈራችን ሰው በአነጋገራቸው ያውቃቸዋል። ዕድሜያቸውን በሕግ ሥራ ያሳለፉ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያሉ ሰው ናቸው። በድሬ ወግ «አንተ» ብላቸው አይከፋቸውም። እዚህ ከተማ አንቱታ ብዙ አያስጨንቅም። በጽሑፍ ሲሆን ግን «አንቱ» ማለት አለብኝ። ይህችን ደንብ ማን እንዳወጣት አላውቅም፤ ገና ብዕር ሳነሳ ግን ያዘችኝ።

የጽሑፋቸው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ግዴታን፣ ፈቃድንና ክልከላን በሎጂክ ማስላት የሥራ ፈት ጨዋታ ነው። ፈረንጆቹ «ዲኦንቲክ ሎጂክ» ይሉታል። እኛ የግዴታ ሎጂክ እንበለው። ጋሼ እንደሚሉት ይህ ትምህርት ከተወለደ ጀምሮ በራሱ እንቆቅልሽ እየተደናቀፈ ነው። ደንብ የሚጣሰው በሰው ነው፤ የሚታረቀውም በሰው ነው። ስለዚህ ለሽማግሌ ይተው ይላሉ። ነጥባቸውን ዘርዝረዋል፤ እኔም ተራ በተራ እሄድበታለሁ። አንዳንዱ ላይ ቶሎ አልፋለሁ፣ አንዳንዱ ላይ እቆያለሁ።

እኔ ከዚራ ያለ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። ጋሼም አባል ናቸው። ምሳሌዎቼን ከእድራችን ደንብ የማመጣው ለዚህ ነው። ደንቡን ሁለታችንም በደንብ እናውቀዋለን።

«ትእዛዝ እውነት ወይም ሐሰት አይሆንም። ሎጂክ ደግሞ የእውነትና የሐሰት ሥራ ነው።»

ይህ የመጀመሪያ ነጥባቸው ነው። ጥሩ ነጥብ ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው ያመጡት። ዮርገን ዮርገንሰን የተባለ የዴንማርክ ፈላስፋ ይህን ጥያቄ በ1930ዎቹ መጨረሻ ሲያነሳ (የውጪዎቹን ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ጥያቄው ሁለት እግር ነበረው። አንዱ እግር ጋሼ ያሉት ነው። «በሩን ዝጋ» ሲባል «እውነት ነው ወይስ ሐሰት?» ብሎ መጠየቅ አያስኬድም። ሁለተኛው እግር ደግሞ ይህ ነው፦ ከትእዛዝ ተነስተን መደምደሚያ እንደምናወጣ ማንም አይክድም። «ቃልህን ሁሉ ጠብቅ። ይህ የገባኸው ቃል ነው። ስለዚህ ይህንን ጠብቅ።» ወደ እኛ ስናመጣው፣ «አባል የሆነ ሁሉ በየወሩ መዋጮ ይክፈል። እገሌ አባል ነው። ስለዚህ እገሌ ይክፈል።» ጋሼ ስንት ዓመት ችሎት ፊት የተሟገቱት በዚሁ መንገድ አይደል እንዴ? ዮርገንሰን የተቸገረው ሁለቱም እግሮች እውነት ስለመሰሉት ነው። ጋሼ አንዱን እግር ቆርጠው «ይኸው አይሄድም» አሉን።

አማርኛችን እዚህ ላይ የሚገርም ነገር ያሳያል። «ይክፈል» ስንል ትእዛዝ መሆኑ ከግሱ ይታወቃል። የወንጀል ሕጉ ግን «በእስራት ይቀጣል» ነው የሚለው። «ይቀጣል» ደግሞ ቅርጹ «ነገ ይዘንባል» ከሚለው ጋር አንድ ነው። ትንበያ ይመስላል። ሌባው ሳይያዝ ቢቀር ሕጉ ዋሸ እንላለን? አንልም። ዝናቡ ሳይመጣ ሲቀር ግን የተነበየው ሰው ተሳሳተ እንላለን። አንድ ዓይነት ግስ ሁለት ሥራ ይሠራል ማለት ነው።

መውጫውም ያለው እዚሁ ነው። የእድሩ ሰብሳቢ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ቆመው፣ እጅ ከተቆጠረ በኋላ፣ «የዘገየ አባል ይቀጣል» ሲሉ ደንብ እየፈጠሩ ነው። በማግስቱ አዲስ አባል ቤቴ መጥቶ ሲጠይቀኝ እኔም «የዘገየ አባል ይቀጣል» እለዋለሁ። ቃሉ አንድ ነው። እኔ ግን ደንብ አልፈጠርኩም፤ ያለውን ነው የነገርኩት። የኔ ንግግር እውነት ወይም ሐሰት ይሆናል። ደብተሩን ከፍቶ ማየት ነው። የግዴታ ሎጂክ ቢያንስ በዚህ በሁለተኛው ላይ ያለ ምንም ችግር ይሠራል። «በዚህ ደንብ መሠረት እገሌ ምን አለበት?» የሚለው ጥያቄ ትክክለኛና የተሳሳተ መልስ አለው። ከሌለው ጋሼ ምን ሲሠሩ ኖሩ?

«የመጀመሪያው ሙከራ ራሱ ከሽፏል።»

እውነት ነው። ኤርንስት ማሊ የተባለ ኦስትሪያዊ በ1926 የመጀመሪያውን ሥርዓት አወጣ። ካርል ሜንገር በ1939 ጉዱን አፈላው። በማሊ ስሌት «መሆን ያለበት» እና «የሆነው» አንድ ሆነው ተገኙ። በዚያ ስሌት በድሬ ሙቀት ቀትር ላይ መብራት ከጠፋ፣ መብራቱ መጥፋት ነበረበት ማለት ነው። ይህን ማንም የድሬ ሰው አይፈርምም። ግን ጋሼ፣ ስህተቱን ያገኘው ማን ነው? ያው ሎጂክ ነው። በሽማግሌ ጉባኤ ቢሆን ማሊ እስከ ዛሬ ይጨበጨብለት ነበር።

ከዚያ በ1951 ፊንላንዳዊው ጌኦርግ ሄንሪክ ፎን ራይት በሌላ በር ገባ። ግዴታና ፈቃድ እንደ «የግድ ነው» እና «ይቻላል» ይተሳሰራሉ አለ። መሄድ ግዴታ ነው ማለት አለመሄድ አልተፈቀደም ማለት ነው። መሄድ ተከልክሏል ማለት አለመሄድ ግዴታ ነው ማለት ነው። አንዱን ከያዝክ ሌሎቹን ትመዛቸዋለህ። ላይብኒዝ ይህን ዝምድና በ17ኛው ክፍለ ዘመን አይቶት ነበር፤ ሥርዓት አድርጎ ያቆመው ግን ፎን ራይት ነው። ዛሬ የምንነጋገርበት ትምህርት የሚቆጠረው ከዚህ ነው።

«ደብዳቤውን ፖስታ ቤት አስገባ ከሚለው ተነስቶ፣ አስገባ ወይም አቃጥል ብሎ የሚደመድም ሎጂክ አብዷል።»

ጋሼ ይህን ሲጽፉ እንደሳቁ እገምታለሁ። እንቆቅልሹን በ1941 ያቀረበው አልፍ ሮስ ነው። እሱም እንደ ጋሼ የሕግ ሰው ነበር። በእድር ቋንቋ ላምጣው። ለቅሶ ሆነ። ለአንዱ ጎረምሳ «ድንኳኑን ትከል» ተባለ። በተለመደው ሎጂክ ከዚህ ውስጥ «ድንኳኑን ትከል ወይም አቃጥል» የሚል ግዴታ ይወጣል።

ያስደነግጣል። ግን ሎጂኩ በትክክል ምን እንዳለ እንስማው። ግዴታው በተፈጸመበት ሁኔታ ሁሉ ድንኳኑ ተተክሏል። ድንኳኑ በተተከለበት ሁኔታ ሁሉ «ተተክሏል ወይም ተቃጥሏል» የሚለው ዓረፍተ ነገር እውነት ነው። በቃ። ከዚህ የዘለለ ነገር አልተናገረም። ጎረምሳው ድንኳኑን አቃጥሎ ኮሚቴው ፊት ቀርቦ «ትከል ወይም አቃጥል የምትለውን ግዴታዬን ተወጥቻለሁ» ቢል፣ አዎ፣ እሷን ተወጥቷል። «ትከል» የምትለዋን ግን አልተወጣም። እሷ አልተሻረችም። የድንኳኑን ዋጋ አባቱ ይከፍሏታል።

የሚያስደነግጠን «ወይም» ስትባል ምርጫ የተሰጠን ስለሚመስለን ነው። እናቴ «ሻይ ወይም ቡና መጠጣት ትችላለህ» ስትለኝ ሁለቱም ተፈቅደዋል ማለቷ ነው። «ከሁለቱ አንዱ ተፈቅዷል፣ የቱ እንደሆነ ግን አልነግርህም» ማለቷ አይደለም። ተራው የግዴታ ሎጂክ ግን ይህን ሁለተኛውን ነው የሚሰማው። እዚህ ላይ ጋሼ ቢመቱት ኖሮ ያምመው ነበር። ፈቃድ ውስጥ ያለችው «ወይም» እስከ ዛሬ ብዙ ሰው ታከራክራለች። ደብዳቤውን ትተው ሻይና ቡናውን ይዘው ቢመጡ ይሻላቸው ነበር።

«ይህ ሎጂክ ሁሉም ሰው ደንብ የሚያከብርበትን ዓለም ብቻ ነው የሚያውቀው። እኛ ደግሞ የምንኖረው ደንብ በሚጣስበት ዓለም ነው።»

ይህ የጋሼ ትልቁ ነጥብ ነው። እዚህ ላይ ልቀመጥ።

መጀመሪያ ልመን። የተለመደው ሥርዓት ላይ እውነታቸውን ነው። በሱ አረዳድ «መሄድ አለበት» ማለት ደንቡ ሁሉ በተጠበቀበት ዓለም ውስጥ ይሄዳል ማለት ነው። ደንቡ ከተጣሰ በኋላ ምን ይደረግ ስትለው አፉን ይይዛል። ይህን ያጋለጠው ግን ተቃዋሚ አይደለም። አሜሪካዊው ሮደሪክ ቺዝም በ1963 በአራት ዓረፍተ ነገር አሳየው። የሱን ምሳሌ ትቼ የኛን እጽፋለሁ።

አባል የሆነ ለቀብር መሄድ አለበት። የሚሄድ ከሆነ ስሙን ማስመዝገብ አለበት። የማይሄድ ከሆነ ስሙን ማስመዝገብ የለበትም። እገሌ አልሄደም።

አራቱም ጤነኛ ናቸው። የሚጋጩ አይመስሉም። አንዱ ከሌላው አይወጣም፤ እያንዳንዱ የራሱን ነገር ይናገራል። ሦስተኛዋ ለምን እንደተጻፈች እድርተኛ ሁሉ ያውቃል። ቤቱ ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ተቀምጦ «እኔንም አስመዝግበኝ» ብሎ ለጓደኛው የሚደውል አለ። አንዳንዴ በአንድ ቀብር ላይ ከሰው ብዛት የስም ብዛት ይበልጥብኛል።

አሁን በድሮው ሎጂክ እናስላው። መልካሙ ዓለም ውስጥ እገሌ ይሄዳል። በዚያ ዓለም ከሄደ ያስመዘግባል። ስለዚህ እገሌ ማስመዝገብ አለበት። በሌላ በኩል እገሌ አልሄደም። ካልሄደ ማስመዝገብ የለበትም። ስለዚህ እገሌ ማስመዝገብ የለበትም። አለበትም፣ የለበትምም! ዓረፍተ ነገሮቹን በሌላ መልክ ከጻፍናቸው ተቃርኖው ይጠፋል። ያኔ ግን ከአራቱ አንዱ ትርፍ ይሆናል፤ ከሌላው የሚወጣ፣ ባይጻፍም የሚቻል። እኛ ደግሞ አራቱንም እንፈልጋቸዋለን።

መፍትሔው ከየት መጣ? «ከሆነ» እና «አለበት» ተነጣጥለው ሊነበቡ አይገባም ከሚል ሐሳብ ነው። ስዊድናዊው ቤንግት ሃንሰን በ1969 ዓለሞቹን በደረጃ እንደርድራቸው አለ። እስቲ የኛን እንደርድራቸው። አንደኛ ረድፍ፦ ሄዶ የተመዘገበ። ሁለተኛ ረድፍ፦ ያልሄደ፣ ግን ያልተመዘገበ። ሰነፍ ነው፤ አታላይ ግን አይደለም። ሦስተኛ ረድፍ፦ ያልሄደ፣ ግን ስሙ ደብተሩ ላይ ያለ። ሄዶ ሳይመዘገብ የቀረውን የፈለጋችሁበት መሃል አስገቡት። «መሄድ አለበት» ስንል አንደኛውን ረድፍ እያየን ነው። «ካልሄደ» ስንል ግን አንደኛው ረድፍ ተዘጋ። ከቀሩት ውስጥ የሚሻለው የቱ ነው? ሁለተኛው። እዚያ ደግሞ ስም አይመዘገብም። ስለዚህ «ካልሄደ ማስመዝገብ የለበትም» እውነት ሆነ፤ «መሄድ አለበት» የሚለውም ከቦታው አልተነሳም። ሁለቱ የተለያየ ረድፍ ስለሚያዩ አይጋጩም።

ይህ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ምክንያቱም ሕግ የሚባለው ነገር አብዛኛው የሚኖረው ሁለተኛ ረድፍ ላይ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1771 ውል ሲጣስ ሌላኛው ወገን ምን መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። ውሉ መፈጸም ነበረበት፤ አልተፈጸመም፤ እንግዲያውስ ይፈጸም ወይም ይሰረዝ፣ ኪሣራም ካለ ይከፈል። ኪሣራ መክፈሉ ውል ማፍረስን መልካም አያደርገውም። ሃይማኖቱም እንዲሁ ነው። ረመዳን ላይ መጾም ግዴታ ነው። በሕመም ወይም በመንገድ የፈታ ሌላ ቀን ይከፍላል። ጎረቤቴ «ቀዳ አለብኝ» ሲል የሚያወራው ስለዚህ ነው።

ጋሼ የጠቀሱት፣ ፈላስፋው ፎሬስተር በ1984 ያነሳው እንቆቅልሽም የዚሁ ዘመድ ነው። የባጃጅ ሹፌር ትርፍ ሰው መጫን የለበትም። ከጫነ ግን ትርፉን በዝግታ ነው መጫን ያለበት። ጫነ። ስለዚህ በዝግታ መጫን አለበት። በዝግታ መጫን ደግሞ መጫን ነው። ስለዚህ ትርፍ መጫን አለበት! ትራፊክ ፖሊስ ፊት ይህን ሙግት የሚያቀርብ ሹፌር ድሬ ውስጥ አይጠፋም። ግን ረድፎቹን ካየህ ማታለያው ይገባሃል። «በዝግታ» የሚለው የተባለው ሁለተኛ ረድፍ ውስጥ ነው። ከዚያ አውጥተህ አንደኛው ረድፍ ላይ ልትሰቅለው አትችልም።

«ያልተከለከለ ሁሉ የተፈቀደ ነው። ለዚህ ምን ስሌት ያስፈልጋል?»

ጋሼን የሚያህል የሕግ ሰው ይህን ሲል ገረመኝ። ለወንጀል ሕግ እሺ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 2 በሕግ ወንጀል ያልተባለውን ዳኛ ወንጀል ሊለው እንደማይችል ያዛል። ግን ይህ ራሱ የተጻፈ ደንብ ነው። ከሰማይ የወረደ የሎጂክ ሕግ አይደለም። ለመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሕግ ሥልጣን ካልሰጠው ዝምታው ፈቃድ አይሆነውም።

ፈቃድም አንድ ዓይነት አይደለም። ለቅሶ ሲኖር መንገድ ዳር ድንኳን እንተክላለን። ማንም አልከለከለንም። ይህ ደካማ ፈቃድ ነው። ነገ አዲስ መመሪያ ቢወጣ ደብዛው ይጠፋል። ከቀበሌ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከያዝን ግን ጠንካራ ፈቃድ ነው። እሱን ለማንሳት አንድ ሰው ተነስቶ «ሽሬዋለሁ» ማለት አለበት። ሁለቱን በአንድ ቃል ስትጠራቸው ጠቡ ይጀምራል።

እኛ እድር የተጣላነውም እንዲሁ ነው። ደንባችን ላይ «ኮሚቴው ለተቸገረ አባል መዋጮ ሊምር ይችላል» የሚል አለ። አንድ አባል መጥቶ «ተቸግሬያለሁ፣ ይማረኝ፣ መብቴ ነው» አለ። ሰብሳቢው ደግሞ «ይችላል ነው የሚለው፤ አለበት አይልም» አሉ። ሁለት ሰዓት ተጮኸ። «ይችላል» በአማርኛ ሦስት ነገር ይሸከማል። አቅም አለው፣ ተፈቅዶለታል፣ ሥልጣን አለው። አሜሪካዊው የሕግ ምሁር ዌስሊ ሆፌልድ በ1913 «መብት» የምንላትን አንዲት ቃል ከነተጓዳኟ ስምንት ቦታ ከፋፍሏት ነበር። በሱ መንገድ ብናየው ጉዳዩ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ኮሚቴው የመማር ሥልጣን አለው። አባሉ የመማር መብት የለውም። ኮሚቴው ካልማረው በደለው አይባልም፤ ከማረው ግን ከዚያ በኋላ ገንዘብ ያዡ ሊጠይቀው አይችልም።

ሥልጣንና ፈቃድ እንደሚለያዩም ልጨምር። ሰብሳቢው ጉባኤ ሳያማክሩ የወንበር ኪራይ ውል ቢፈርሙ እድሩ በውሉ ሊታሰር ይችላል። እሳቸው ግን አልተፈቀደላቸውም ነበር፤ ይጠየቁበታል። አሠራሩ ይጸናል፣ ሠሪው ይወቀሳል። «ያልተከለከለ የተፈቀደ ነው» የምትል አንዲት መስመር ይህን ሁሉ ከየት ታምጣው?

«የፈረንጅ ነገር ነው። የኛ አባቶች ያለ ምልክት ኖረዋል።»

ምልክቱ የፈረንጅ ይሁን። ሐሳቡ ግን ከድሬ ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ላይ አለ። ሐረር ስንት ዘመን የኢስላም ትምህርት ከተማ ሆና ኖራለች። እዚያ ደረሳው ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ የሰው ሥራ ሁሉ አምስት ቦታ መከፈሉ ነው። ዋጂብ (ግዴታ)፣ መንዱብ (የሚወደድ)፣ ሙባህ (የተፈቀደ)፣ መክሩህ (የሚጠላ)፣ ሐራም (ክልክል)። አከፋፈሉ ንጹሕ ሎጂክ ነው። ሁለት ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፦ ብትሠራው ምን ይሆናል? ብትተወውስ? ዋጂብን ብትሠራ ምንዳ አለው፣ ብትተው ቅጣት። መንዱብን ብትሠራ ምንዳ አለው፣ ብትተው ምንም። መክሩህን ብትተው ምንዳ አለው፣ ብትሠራ ቅጣት የለውም። የፎን ራይት የመጀመሪያ ሥርዓት ግን ሦስት ቦታ ብቻ ነው ያለው፦ ግዴታ፣ ክልክልና ሁለቱንም ያልሆነ። መንዱብና መክሩህ እዚያ መሃል ተደባልቀው ጠፍተዋል። በዚህ በኩል ፈረንጁ ነው ከሐረር ኋላ የቀረው።

ደግሞ ክርክርም አለው። እዚህ ምሥራቁ ላይ በብዛት የሚከተሉት የሻፊዒ መዝሀብ (የሕግ ትምህርት ቤት) ግዴታ የሚባልባቸውን ሁለት ቃላት፣ ፈርድንና ዋጂብን፣ አንድ አድርጎ ይወስዳል። ሐነፊዎች ይለያዩዋቸዋል። ቃል አንድ ነው ወይስ ሁለት ብሎ በዘመናት መከራከር ሎጂክ ካልሆነ ምንድን ነው?

ከሁሉ የምወደው ግን «ፈርድ ኪፋያ» የሚባለውን ነው። ሙስሊም ጎረቤት ሲሞት ማጠብ፣ መስገድ፣ መቅበር የኅብረተሰቡ ግዴታ ነው። የተወሰኑ ሰዎች ከፈጸሙት ከሌሎቹ ላይ ይወርዳል። ማንም ካልፈጸመው ሁሉም ይጠየቃሉ። ይህንን በተራ ሎጂክ ለመጻፍ ሞክሩ። «እያንዳንዱ መፈጸም አለበት» ብትሉ ስህተት ነው፤ ቤቱ የቀረው ጥፋተኛ ይሆናልና። «አንድ ሰው መፈጸም አለበት» ብትሉ ደግሞ የትኛው ሰው? ማንም ካልፈጸመ ማንን ልትከሱ ነው? ግዴታው ያለው ቡድኑ ላይ ነው፤ ጥፋቱ ግን ለእያንዳንዱ ይከፋፈላል። የእድራችን ደንብ «የሟች ቤተሰብ ውሃ እንዳይጎድልበት ይደረጋል» ይላል። ማን ያድርግ? አይልም። በዚህች ዓረፍተ ነገር ስንት ቤት ተወቃቅሷል!

«ሁለት ግዴታ ሲጋጭ ሎጂኩ ሁሉንም ነገር ግዴታ ያደርገዋል።»

በተለመደው ሥርዓት፣ አዎ። መሄድም አለመሄድም ግዴታ ከሆኑ፣ ከዚያ ተነስቶ ጨረቃ ላይ መዝፈንም ግዴታ ነው ማለት ይቻላል። ለዚህም መልስ ተፈልጎለታል። አርጀንቲናዊው ካርሎስ አልቹሮን ከዴቪድ ማኪንሰን ጋር በ1981 ደንቦችን በእርከን ደርድሮ ስለማመዛዘን ጽፈዋል። ጋሼ ራሳቸው የሚያውቋቸው ሦስት መርሆችም አሉ። የበላይ ሕግ የበታቹን ያሸንፋል። የኋለኛው የቀደመውን ያሸንፋል። ልዩው ጠቅላላውን ያሸንፋል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ላይ የበላይነቱን ጽፏል። አንቀጽ 34 ደግሞ የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ በር ይከፍታል። የሸሪዓ ፍርድ ቤትና መደበኛው ፍርድ ቤት ባሉበት ከተማ ውስጥ ይህች «ከፈቀዱ» የምትል ቃል ስንት ግጭት እንደምታስቀር አስቡት።

ግን ኋለኛው ሕግ ጠቅላላ፣ የቀደመው ደግሞ ልዩ ቢሆንስ? ያኔ መርሆቹ ራሳቸው ይጋጫሉ። እዚህ ላይ ለጋሼ እጄን እሰጣለሁ። ሰው ቁጭ ብሎ መወሰን አለበት። ሎጂኩ ማድረግ የሚችለው የት ላይ መወሰን እንዳለበት ማሳየት ነው።

ይህንን በተግባር አይቻለሁ። አንድ አባላችን የሰፈርም የመሥሪያ ቤትም እድር አለው። አንድ ቅዳሜ ሁለት ቀብር ገጠመው። አንዱ ሙስሊም ጎረቤት ስለነበር ቀብሩ ቶሎ ሆነ፤ ሰዓቱ ከሌላው ጋር ገጠመ። ሁለቱም ደንብ «መገኘት አለበት» ይላል። ከየትኛውም ቢቀር ይቀጣል። ሌላ ጊዜ ደግሞ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ መጋላ በኩል ያሉ አባላት መሻገር ፈሩ። የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ደለሉ ላይ በድፍረት አይወርድም። ደንባችን ግን ስለ ጎርፍ አያውቅም ነበር። የማይቻል ነገር ግዴታ ሊሆን አይገባም የሚል አንቀጽ ጠፍቶበት ነው። ሽማግሌዎቹ ማሩ። ጥሩ። ግን ክፍተቱን ያገኘሁት ደንቡን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ሳፈርሰው ነው።

«እሺ፣ ለመሆኑ ማንን ጠቀመ?»

በ1986 ለንደን ውስጥ ማሬክ ሰርጎት፣ ሮበርት ኮዋልስኪና ባልደረቦቻቸው የ1981ዱን የብሪታንያ ዜግነት ሕግ በሎጂክ ፕሮግራም ጻፉት። ኮምፒውተሩ «እገሌ ዜጋ ነው ወይ?» ሲባል እስከነምክንያቱ ይመልሳል። እውነቱን ለመናገር የግዴታ ምልክት ብዙም አላስፈለጋቸውም። ያ ሕግ በአብዛኛው ማን ዜጋ እንደሆነ የሚተረጉም እንጂ ማን ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያዝ አይደለምና። ጋሼ ይህን ቢያነሱብኝ መልስ አልነበረኝም።

የእድራችንን ግን ልንገራችሁ። ደንቡ አንድ ቦታ ላይ «ቅጣት ያልከፈለ አባል ድምፅ መስጠት አይችልም» ይላል። አራት ገጽ ወረድ ብሎ «ይህን ደንብ ለማሻሻል ከጠቅላላው አባላት ሁለት ሦስተኛው ድምፅ መስጠት አለባቸው» ይላል። እያንዳንዳቸው ሲነበቡ ምንም አይሉም። አንድ ላይ አስቀምጧቸው። ከሲሶው በላይ አባል ቅጣት ከቆለለ፣ ቅጣቱ እስኪከፈል ድረስ ደንቡ ተቆለፈ። የሚቆልፈውን አንቀጽ እንኳን ማሻሻል አይቻልም፤ ለሱም ሁለት ሦስተኛ ያስፈልጋልና። ይህን ረቂቅ አይተው «እንከን የለውም» ያሉት ደግሞ ጋሼ ናቸው።

ባለፈው ሳምንት ቆጠርኩ። ሲሶው ሊሞላ ሰባት ሰው ቀርቶታል። እሑድ ጠቅላላ ጉባኤ አለን፤ ማሻሻያውም አጀንዳ ላይ ነው።

እና ጋሼ፣ መዝገቡን ሳገላብጥ ስምዎን ፈለግኩት። ያለፈው ወር ቀብር ላይ ቀሪ ነዎት። ማንም አላስመዘገበልዎትም። ሁለተኛ ረድፍ ላይ ነው ያገኘሁዎት። ቅጣቱን እስከ ቅዳሜ ማታ ገንዘብ ያዡ ጋ ካላደረሱ ግን እሑድ መናገር ይችላሉ፣ እጅ ማውጣት አይችሉም።